ወንበሩ ለማን ይሁን?

«እኔን እሷ ትሥራኝ» አለች ደንበኛቸው ነርሷ ቦርሳዋን እየሰቀለች። በአገጯ የጠቆመችው ድንቡሼን ሳይሆን የድንቡሼን የአክስት ልጅ ነበር።

ድንቡሼ ፈገግ አለች። ፈገግታው ግን ጥርሷ ላይ ቀረ እንጂ ወደ ውስጥ አልዘለቀም። እሷ እዚሁ ፀጉር ቤት ውስጥ ነው ያደገችው፤ ፎጣ ስታጥፍ፣ ወለል ስትጠርግ፣ ከትምህርት ቤት መልስ የስንቱን ራስ ስታጥብ። የአክስቷ ልጅ ከመጣች ገና ዓመት አልሞላትም፤ ደንበኞቹ ግን ከወዲሁ «እጀ ወርቅ» ብለው ስም አውጥተውላታል።

የፀጉር ቤቱ ባለቤት እናቷ ሦስተኛ ወንበር ገዝታለች። ከሁለቱ ልጆች አንዷ ቅዳሜና እሑድ የራሷን ደንበኛ ይዛ ትሠራበታለች። የትኛዋ እንደሆነች ገና አልተነገረም፤ እናቷ ቸኩላ የምትወስነው ነገር የላትም። «እግዜር በድምፅ ማጉያ አይጣራም። ልብ ውስጥ ነው ሹክ የሚለው፤ ቁጭ ብዬ ልስማ» ትላለች። ትናንት ግን ለጎረቤታቸው ለልብስ ሰፊዋ «ልቤ ወደ እህቴ ልጅ ያደላል» ስትል ድንቡሼ ከመጋረጃው ጀርባ ሰማች። ያ ነው ያንገበገባት። እናት ብታደላ አንድ ነገር ነው። እግዜርም ከእጀ ወርቅ ጋር ከወገነ ለማን አቤት ይባላል?

እናቷ ሻምፑ ልትገዛ ወጣች። እጀ ወርቅ ጓንቷን አጥልቃ የነርሷን ፀጉር በማለስለሻ ክሬም ከሥር እስከ ጫፍ ቀባች። ይህ ክሬም ቀልድ አያውቅም፤ በሰዓቱ ከታጠበ ፀጉር ያለሰልሳል፣ ከተረሳ ቆዳ ይልጣል። ከሌሊት ተረኝነት የመጣችው ነርስ ወዲያው እንቅልፍ ይዟት ሄደ። የእጀ ወርቅ ስልክ ጠራ።

«እማዬ ናት፣ ከስንት ጊዜ በኋላ» አለች እጀ ወርቅ ጓንቷን እያወለቀች። «መጣሁ፣ ድንቡሼ፣ አንዴ።» ቤቱ ውስጥ ኔትወርክ ስለማይዝ ወደ ግቢ ወጣች።

አንዴው ረዘመ። ሳቋ ከግቢ ይሰማል። ድንቡሼ ክሬሙን አየችው፤ የመታጠቢያው ሰዓት አልፏል።

ይሄኔ በውስጧ ድምፅ መጣ። «ተያት። አንቺ አልቀባሽ፣ ምን ቤት ነሽ? ደግሞ አስቢው፤ እናትሽ ምልክት ስትጠብቅ አልነበር? ይኸው ምልክቱ። ስልኩን ማን ያስደወለው ይመስልሻል? እግዜር የሚያነሣውንና የሚጥለውን ያውቃል።» ረጋ ያለ፣ ምክንያት የማያጣ ድምፅ ነበር። የእናቷን አነጋገር ሳይቀር ተውሷል። ድንቡሼ ልታምነው ምንም አልቀራት።

ከሥሩ ግን ሌላ ድምፅ ነበር። ይሄኛው ንግግር አያውቅም። «ውሃ» አለ፤ በቃ።

«ለምን እኔ?» ብላ በልቧ ጠየቀችው። ዝም። «እሷ እኮ ሁሉም ነገር አላት!» አሁንም ዝም። ያኛው ተሽቀዳድሞ መልስ በመልስ አደረጋት። ይሄኛው ቆይቶ ቆይቶ፣ «ውሃ።»

የነርሷ ቅንድብ በእንቅልፍ ልቧ ተኮማተረ።

ድንቡሼ ብድግ አለች። «እትዬ፣ ይነሡ፣ እንታጠብ» አለች ትከሻዋን ነካ አድርጋ። ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈተችው።

እጀ ወርቅ ስትመለስ አረፋው እየወረደ ነበር። ስልኳን እንደያዘች በሩ ላይ ደርቃ ቀረች።

«ከጆሮዬ ጀርባ ትንሽ ለበለበኝ» አለች ነርሷ እያዛጋች። «የተቃጠለ ሰው ሳክም አድሬ እኔው ልቃጠል ነበር እንዴ?»

ነርሷ ተሠርታ እንደሄደች እናቷ ሻምፑዋን ታቅፋ ገባች። ሁለቱንም አየት አየት አደረገቻቸው። «ምን ሆናችኋል? ምላሳችሁ ታሠረ እንዴ?»

«ነርሷን ክሬም ቀብቼ ረሳኋት፣ አክስቴ» አለች እጀ ወርቅ። «ስልክ ሳወራ። ድንቡሼ ባትደርስላት ቆዳዋ ተልጦ ነበር።»

ይባስ ብላ እውነቱን ተናገረች! ድንቡሼ ምናለ ዋሽታ ቢሆን ብላ ተመኘች። እንኳን እጇ፣ ጥፋቷም ያምርባታል።

እናቷ ካርቶኑን አስቀምጣ አዲሱን ወንበር ተደገፈች። «አንዷ እጅ አላት፣ አንዷ ዓይን አላት። እኔ ግራ ገብቶኛል። ዛሬ ልቧን የሰማችው ድንቡሼ ናት፤ እስቲ አንቺ ንገሪኝ። ወንበሩ ለማን ይሁን?»

እጀ ወርቅ ጀርባዋን ሰጥታ ማበጠሪያ ማጠብ ጀመረች።

ያ አንደበተ ርቱዕ ድምፅ ቀድሞ ተነሣ። ስንት ዓመት እንደጠረገች፣ ስንት ፎጣ እንዳጠፈች፣ ማን የቤት ልጅ ማን እንግዳ እንደሆነ ይዘረዝር ጀመር። ድንቡሼ ያን አጭሩን ድምፅ ፈለገችው። የለም፤ ወይም በዚህ ሁሉ ጫጫታ አይሰማም። የእግዜር ይሁን የራሷ በእርግጠኝነት አታውቅም። «ለእኔ» የሚለው ቃል ግን ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል።

ዋጠችው።

«ዛሬ አትጠይቂኝ፣ እማዬ» አለች። «አሁን የሚያወራው ቅናቴ ነው። ሲደክመው እነግርሻለሁ።»