በቃኝ ያለው ሰው

ሚልቶን ኢቱራልዴ በሠላሳ ሦስት ዓመቱ፣ እሑድ ከቀትር በኋላ፣ ሳልቶ ከተማ ባለች አነስተኛ ክሊኒክ ውስጥ አልጋው ላይ ሞቶ ተገኘ። ስትሮክ ከመታው ሃያ ቀኑ ነበር። ሽባ በተባለው ቀኝ እጁ ማቴ የተባለው የአገሬው የቅጠል ሻይ የሚጠጣበት ቅል ጨብጧል፤ ውሃው ደረቱን አርሶታል። ከራስጌው ግድግዳ ላይ «ቀጭን ፈሳሽ አይሰጠው፤ ትን ይለዋል» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል።

ኢንስፔክተር ኦፌሊያ ቤንታንኩር ስትጠራ ጫማዋን አውልቃ ጋደም ብላ ነበር። ጡረታ ለመውጣት አራት ወር ቀርቷታል፤ የሰው ሞት መቁጠር ሰልችቷታል።

«ነርሱን ይዘነዋል እመቤቴ፤ ቅሉ የሱ ነው። ይፈርሙና ይረፉ» አላት ፖሊሱ። ፈርማ ብትሄድ ደስ ባላት፤ ግን አልሆነላትም።

ነርሱ ቴልሞ፣ የሃምሳ ስምንት ዓመት ወፍራም ሰው፣ በካቴና ታስሮ ኮሪደሩ ላይ ይንሰቀሰቃል።

«ቅሉ የኔ ነው፣ አልካድኩም። እዚያ ትቼው ወጥቼ ወንበር ላይ እንቅልፍ ጣለኝ። ሃያ ቀን ሙሉ ዕቃውን ሁሉ በግራ እጁ እያስያዝኩ ያበላሁትን ልጅ እኔ ልገድለው?»

«ይናገር ነበር?»

«አንዲት ቃል ብቻ ነበር የቀረችው፤ "አመሰግናለሁ"። ሲያመውም "አመሰግናለሁ"፣ ሲርበውም "አመሰግናለሁ"፣ እኔን ሲሰድበኝም "አመሰግናለሁ"።» ቴልሞ በእንባው መሀል ፈገግ አለ።

የሟቹ ሚስት ኔልባ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። ሃያውንም ሌሊት የተኛች አትመስልም።

«ስመጣ ሞቶ ነበር» አለች።

«ሐኪሙ ምን ብሎሽ ነበር?»

«እጁም አንደበቱም አይመለስም አለኝ። ገና ወጣት ስለሆነ ግን አርባ ዓመት ይኖራል አለኝ።» አርባን ቀስ ብላ ነው የተናገረችው።

የሟቹ ወንድም ኔሪ በዚያው ጠዋት ከዋና ከተማው ከሞንቴቪዴዮ የገባ ነው። በረንዳው ላይ ሲያጨስ በመስኮቱ ድምፅ ሰምቷል።

«"አመሰግናለሁ" ሲል ሰማሁት። ወንድሜ አፉን ፈታ ብዬ ደስ አለኝ። ቆይቶ ደገመው፤ ከዚያ ሠለሰ። ሲጋራ ልገዛ ሄድኩ። ግን ኢንስፔክተር፣ በቃኝ ላለ ሰው ማን ይቀዳል?»

ኦፌሊያ ይህን ስትሰማ ቀና አለች። ዶክተር ፊግሬዶን ከቤቱ አስጠርታ ፋይሉን ፊቱ ዘረጋችው።

«አይመለስም ያሉት በምን ሚዛን ነው?»

«በዚህ ሠንጠረዥ። ብዙ ሕመምተኛ ተጠንቶ የወጣ ነው።»

«ሕመምተኞቹ ስንት ዓመታቸው ነበር?»

ዶክተሩ ወረቀቱን አገላበጠ። «በአማካይ… ሰባ ሁለት።»

«ይሄስ?» ፋይሉ ውስጥ ያለ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ማስታወሻ ነበር፤ «ሦስተኛ ቀን፦ የቀኝ እጁን ጣቶች ዘረጋ» ይላል። ዶክተሩ ገና አሁን አነበበው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉት ይህ ነው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉንም በሚልቶን ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ዶክተሩ ቤቱ ነበር፤ እዚህ የነበራችሁ ሦስታችሁ ናችሁ» አለች። «እኛ አገር ማቴ የሚጠጣ ሰው ቅሉን ሲመልስ "አመሰግናለሁ" ካለ በቃኝ ማለቱ ነው፤ ማንም አይቀዳለትም። ኔሪ፣ አንተ ዛሬ መጥተህ ሌላ ቃል እንዳልቀረው አታውቅም ነበር፤ አንተ ብትሆን በመጀመሪያዋ ታቆም ነበር። ሦስቴ የቀዳው ቃሏን የለመደ ሰው ነው። ወይ ቴልሞ፣ ወይ ኔልባ።»

«ኧረ በማርያም!» አለ ቴልሞ።

«ዝም በል፣ ላንተው ነው የምለፋው። ቴልሞ ሁሉን ነገር በግራ ነው የሚያስይዘው። ቅሉ ግን በቀኙ ተገኘ። በቀኙ የሚያቀብለው፣ ሳይታመም ጀምሮ ሲያቀብለው የኖረ ሰው ነው። እጅ ልማዱን አይረሳም። ኔልባ፣ ስንት ዓመት አብራችሁ ኖራችሁ?»

«አሥራ አንድ» አለች ኔልባ። «ጠዋት ጠዋት የምቀዳለት እኔ ነበርኩ። ዛሬም እንደ ድሮው አብረን እንጠጣ ብዬ…» ራሷን ነቀነቀች። «ውሸቴን ነው። እንዲገላገል ፈልጌ ነው። እኔም እንድገላገል። ጣቶቹ ቅሉን ሲጨብጡት አየሁ፤ ጣር መሰለኝ።»

«ጣር አልነበረም» አለ ዶክተሩ መሬት መሬት እያየ። «ጣቱን በሦስተኛው ቀን የዘረጋ ሰው፣ እጁ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። በሱ ዕድሜ ደግሞ አንደበትም ተስፋ አለው። የሽማግሌ ሚዛን ይዤ ፈረድኩበት። ማስታወሻውንም አላነበብኩም።»

ኦፌሊያ የቴልሞን ካቴና ፈታች። ድካሙ እስከ አጥንቷ ዘልቋት ነበር። ኔልባ ግን ዶክተሩን ብቻ ነበር የምታየው።

«ስንት ጊዜ ይፈጅ ነበር?»

«ምኑ?»

«የኔን እርዳታ የሚፈልግበት።»

«ስምንት ወር። ቢበዛ አንድ ዓመት።»

«አንድ ዓመት» አለች ኔልባ። «አንድ ዓመትማ እችል ነበር።»