ውሃ መቺዎች

ካርፕ የሚባለው ዓሣ የሚያዘው በማባረር ነው። ሐይቁ ዳር እንደ ሸምበቆ ጥቅጥቅ ብሎ ወደበቀለው ፊላ የሚገባው የውሃ መንገድ አፍ ላይ መረብ ከችካል ችካል ይወጠራል፤ ከዚያ ታንኳው ወደ ውስጥ ይዘልቅና አንዱ ሲቀዝፍ ሌላው በረጅም ዱላ ውሃውን እየመታ ይመለሳል፤ ከታች ጭቃ ሲምግ የነበረው ዓሣ ድምፁን ሸሽቶ ራሱ መረቡ ውስጥ ይገባል። ሹሜ ይህን ሥራ የያዘው ሐይቁ ከተበላሸ ወዲህ ነው። ካርፑ ከየት እንደመጣ በደንብ የሚያውቅ የለም። የሚታወቀው፣ መሬቱን እየቆፈረ ውሃውን እንዳደፈረሰውና ቆሮሶ የሚባለው ተወዳጁ የሐይቁ ዓሣ የሚራባበትን ሣር ከነሥሩ እንደነቀለው ነው።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ አብሮት የወጣው የሚስቱ ወንድም ናኖ ነበር። ናኖ ዋና አያውቅም። ሚስቱ ቡርቄ በር ላይ ቆማ፣ «አንድ ወንድም ነው ያለኝ። ይዘኸው እንደሄድክ ይዘኸው ና» ብላዋለች፤ ሹሜም እሺ ብሏል።

«ጋሼ፣ እህቴ ያገባችህ ቆሮሶ እያመጣህላት ነው» አለ ናኖ መረቡን ወጥረው ሲገቡ። «ይህን አጥንታም ካርፕ ይዘህ ከገባህ ትፈታሃለች።»

«ዝም ብለህ ምታ።»

ፊላው ከሁለት ሰው ቁመት በላይ ስለሆነ፣ ውጪ ፀሐይ እያለ ውስጡ መሽቷል። የበሰበሰ ሥርና የእርጥብ ጭቃ ሽታ ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል። ናኖ ዱላውን አንስቶ ውሃውን መታ፤ ቧ። ትንሽ ቆይቶ ከጥልቁ ውስጥ ሌላ ቧ ተሰማ።

ሹሜ መቅዘፉን አቆመ። የገደል ማሚቶ ሊሆን አይችልም፤ ፊላ ድምፅ ይውጣል እንጂ አይመልስም። «ያዝ እስቲ» አለ። ናኖ ዱላውን አየር ላይ ያዘ።

ቧ።

«እነ ጋሽ በዳሶ ናቸው፤ ሊያሾፉብን ነው» አለ ናኖ የሰፈራቸውን ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ጠቅሶ፤ እጁንም አፉ ላይ አድርጎ ጮኸ። «ጋሽ በዳሶ! በዚህ ዕድሜህ ድብብቆሽ?»

«በየት ገብተው? መግቢያውን የዘጋነው እኛ ነን።»

ምቱ ቀረብ ብሎ ተሰማ፤ ወዲያው ካርፖቹ መጡ። ጀርባቸው ከውሃው በላይ እየታየ፣ ክብ አፋቸውን እየከፈቱና እየዘጉ፣ ጥግ እንደሚፈልግ ከብት የታንኳውን ጎን ተጠጉ። አንዱም ወደ መረቡ አልሄደም፤ አንዱም ወደ ታች አልሰመጠም።

ሹሜ የታንኳውን አፍንጫ ወደ መውጫው አዞረ። ቧ አለ ከመውጫው በኩል። ወደ ግራ ሲያዞር ከግራ መጣ። በዚያ በኩል ከፊላው አገዳ መሐል ቀጭንና ረጅም ነገር ውሃው ላይ ሲወርድ አየ፤ ዱላ ነው ብሎ አሰበ፤ ተመልሶ ሲነሳ ግን መሐሉ ላይ ታጠፈ።

«አየኸው?» አለ ናኖ። ድምፁ ውስጥ ቀልድ አልቀረም።

«ወደዚያ አትይ። መሐል ቁጭ በል፤ ጠርዙን እንዳትነካ።»

ጸጥ ያለው አቅጣጫ አንድ ብቻ ነበር፤ በስተቀኝ፣ ከዚህ በፊት አይቶት የማያውቀው ጠባብ የውሃ መንገድ። የቡርቄ ቃል በጆሮው እያቃጨለ፣ ከድምፁ መራቅ እንጂ ሌላ ሳያስብ፣ ክንዱ እስኪዝል ወደዚያ ቀዘፈ። ካርፖቹም አብረውት ሄዱ። መንገዱ እየጠበበ፣ ፊላው ከኋላቸው እየተገጣጠመ፣ ዓሣው እየተጨናነቀ ሄዶ በመጨረሻ መቅዘፊያው ውሃ ማግኘት አቃተው፤ የሚነካው ቅርፊት ብቻ ሆነ። ምቱ ግን ከግራም ከቀኝም ከኋላም፣ ሳይቸኩል፣ በእኩል ልክ ይመጣ ነበር።

ከዚያ ቆመ።

ብዙ ጠበቁ። አንድም አገዳ አልተንቀሳቀሰም። ናኖ ግንባሩን በክንዱ ጠርጎ፣ «ተዉን፣ ጋሼ፤ ሄዱልን» ብሎ ሳቀ።

ሹሜ መቅዘፊያውን ጭኑ ላይ አስቀመጠ፤ እሱ ዱላ ይዞ በኖረበት ዘመን ሁሉ ውሃ መምታቱን የሚያቆመው፣ ያባረረው ሁሉ መረቡ ውስጥ ገብቶ ሲያልቅ ብቻ ነበር።