ሰውዬው ግን የኔ ነው

አራጌን መጀመሪያ ያየሁት ከሱቃችን ጣራ ሥር ቆሞ፣ ከቆርቆሮው የሚወርደውን ዝናብ አፉን ከፍቶ ሲያይ ነው። ጎሬ ነው እንግዲህ ልጆቼ፣ ኢሉባቦር። እዚያ ዝናብ መጣ ተብሎ ማንም ቀና ብሎ አያይም።

«ምን ጠፍቶህ ነው?» አልኩት።

«ይሄ ውሃ የት ነው የሚሄደው?»

«የት ይሄዳል? ገደል ነዋ!»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

ራሱን ነቀነቀ። «ሲያሳዝን...» አለ።

ሳቄ አመለጠኝ። ለዝናብ ውሃ የሚያዝን ሰው በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም! እኔ ሳቅሁበት፣ እሱም ሳቀ፣ ከዚያ ወዲያ ያው... አለቀልኝ በሉት።

አራጌ የራያ ልጅ ነው፣ ከቆቦ ወረዳ ከሮቢት። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ገና ጎረምሳ ሳለ ከአባቱ ጋር በሠፈራ እኛ ሀገር መጣ። አባቱ እዚያው አረፈ፣ እናቱ እትዬ የሻረግ ግን ሮቢት ቀርታ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ሠፋሪው ወደየሀገሩ መመለስ ጀመረ። አንድ ቀን አራጌም መጣና፣

«ዘኑ፣ ልሄድ ነው» አለኝ። ስሜ ዘነበች ነው፣ እሱ ዘኑ ይለኛል።

«እኔስ?»

«ሀገሬ ቆላ ነው። ፀሐዩን አትችይውም።»

«ስለ መቻሌ ማን ጠየቀህ? ነይ ማለት ትችላለህ ወይ? እሱን ንገረኝ!»

ቀስ ብሎ፣ «ነይ...» አለኝ።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቤቱን በጩኸት ሞላው። «ሰው ከዚያ ሸሽቶ እዚህ ይመጣል፣ አንቺ ከዚህ ወደዚያ? ጤና የለሽም እንዴ?»

«ጤናማ ነኝ አባዬ። ግን እሄዳለሁ።»

ሄድኩ። አራጌና እኔ ከአዲስ አበባ ደሴ፣ ከደሴ ወልድያ... ከወልድያ ወዲያ መንገዱ ወደ ሜዳው ሲወርድ የአውቶብሱ መስኮት ብረት እጄን ፈጀኝ። ግንቦት ነበር። የፈላ ድስት ስትከፍቱ ፊታችሁን የሚመታ ሙቀት አለ አይደል? ሮቢት ስወርድ የተቀበለኝ እንዲያ ያለ ሙቀት ነው፣ እንፋሎቱ ግን የለም። ጎሬ ያጠብኩት ልብስ ሳምንት ሙሉ እርጥብ ነው፤ ሮቢት አንዱን ጫፍ አስጥቼ ሌላውን ሳልዘረጋ ደርቆ ይጠብቀኛል። ከንፈሬ ተሰነጣጠቀ። አፍንጫዬ ይደማ ጀመር።

እትዬ የሻረግ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝና፣ እዚያው ፊቴ ለጎረቤቷ፣ «እንዲህ ያለች እርጥብ ልጅ! መስከረምን እዚህ አታየውም» አለች።

ውሃ መቅጃው ላይ ደግሞ ሴቶቹ ያዙኝ። «ስምሽ ዘነበች ነው አሉ፤ ታዲያ ዝናቡን የት ጥለሽው መጣሽ?»

«እናንተን አይቶ ከመንገድ ተመለሰ!» አልኳቸው። ተሳሳቅን። ቤት ገብቼ ግን አለቀስኩ፣ አልዋሻችሁም።

ሳንጋባ አንድ ጣራ ሥር ማደር ነውር ነውና ያረፍኩት ጎረቤት፣ ከአያ እንድሪስና ከባለቤታቸው ከእትዬ ራህመት ዘንድ ነው። እትዬ ራህመት ነጠላዬን ውሃ ነክራ ታለብሰኝ ነበር። «አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ» ትለኛለች። ማሽላው ሲገባ ሽማግሌ ይላካል፣ በጥር ሠርግ ይሆናል ተባለ።

የራያን ሜዳ ለማታውቁ ልንገራችሁ። ዝናቡ ሜዳው ላይ ብዙም አይጥልም፣ የሚጥለው ከላይ ደጋው ላይ ነው። እዚህ ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይ እያቃጠለ ጎርፉ ድንገት ከተራራው ይመጣል። ሰዉ ወጥቶ በድንጋይ፣ በእንጨትና በአፈር ይጠልፈዋል፤ በየተራ ወደየማሳው ያስገባዋል። ተራውን የሚያካፍሉት አያ እንድሪስ ነበሩ። ማሳው ዙሪያውን በአፈር ይከተራል፣ ውሃው ተኝቶ ወደ ውስጥ እንዲሰርግ። ይህን ዛሬ ነው የማወራላችሁ። ያን ጊዜ ማን ነገረኝ!

ሐምሌ ላይ ለአራጌ ምሳ ይዤለት ማሳው ሄድኩ። ገና ሳላስቀምጠው «መጣ! መጣ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። ወንዶቹ ሁሉ ወደ ጠለፋው ሮጡ። አራጌም አካፋውን አንሥቶ፣

«ማሳውን ጠብቂልኝ!» ብሎኝ ሮጠ።

ጠበቅሁለት። ጭቃ ውሃው እያጉረመረመ ገባ፣ ለጋው ማሽላ እስከ ወገቡ ሰጠመ። እኛ ሀገር ውሃ የተኛበት በቆሎ ሥሩ ይበሰብሳል። የአባቴ የክረምት ሥራ ቦይ እየቀደደ ውሃ ማስወጣት ነበር፣ እኔም እሱን እየተከተልኩ ነው ያደግሁት። ጫማዬን ወረወርኩ፣ ዶማ አነሣሁ፣ ዙሪያውን የተከተረውን አፈር በታች በኩል ናድኩት! ውሃው ግልብጥ ብሎ ወጣ። ቆሜ በራሴ ኮራሁ።

አራጌ ጭቃ በጭቃ ሆኖ እየሳቀ ተመለሰ።

«አዳንኩልህ!» አልኩት።

ማሳውን አየ። እኔን አየ። ሳቁ ከፊቱ ላይ ወረደ።

«ዘኑ... ምን አደረግሽ?»

«አስወጣሁልህ እኮ! ሊበሰብስብህ ነበር!»

መሬት ላይ ቁጭ አለ። ልጆቼ፣ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግሥቱ ዘመድ ተሰበሰበ። የአባቱ ወንድም አያ ካሳ ከዘራቸውን ተደግፈው ተናገሩ።

«የዓመት ቀለባችንን አፈሰሰችው። ክፉ ናት አልልም፤ ግን ይሄ ሀገር ሀገሯ አይደለም። ሀገሯ ትመለስ።»

«እኔስ ምን ብዬ ነበር!» አለች እትዬ የሻረግ።

አራጌ አንገቱን እንደ ደፋ ነው። ቀና ይላል ብዬ ጠበቅሁ። አላለም። ስለዚህ እኔ ተነሣሁ።

«አያ ካሳ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ማሽላው የእናንተ ነው። ሰውዬው ግን የኔ ነው! የትም አልሄድም።»

አንዲት ሴት ሳቋ አመለጣት። አያ ካሳ ሳይሰናበቱ ወጡ።

አመሻሹ ላይ አራጌ በር ላይ ጠራኝ። ዓይኔን አያየኝም።

«ነገ አውቶብስ አለ።»

«ለማን?»

«ላንቺ። እስከ ወልድያ እሸኝሻለሁ።»

«ጠላኸኝ በለኛ! ምን ትሽሎከሎካለህ?»

«ኧረ በማርያም! ከንፈርሽ ሲደማ እያየሁ ነው እንጂ... በኔ ምክንያት ስትጠወልጊ ማየት አቃተኝ። ስለ ማሽላው አይደለም፣ ዘኑ።»

ለካ ያ ሁሉ ዝምታ ለእኔ አዝኖ ነው! ደስ አለኝ፣ ተናደድኩም።

«የተሰነጠቀው ከንፈሬ ነው፣ ሐሳቤ አይደለም! አውቶብሱን ራስህ ተሳፈር!» ብዬ በሩን ዘጋሁበት።

ጠዋት አያ እንድሪስ ዘንድ ቀረብኩ።

«ሌላ ጎርፍ ይመጣል?»

«አላህ ካለ፣ ነሐሴ ገና ነው። ግን የእናንተ ተራ አልፏል።»

«ትራፊስ?»

ጢማቸውን አሻሹ። «ትራፊው ጠለፋውን ለሚጠግን ነው። ጎርፉ ባፈረሰው ቁጥር ድንጋይ ተሸክሞ የሚጠግን ሰው ይፈልጋል። የወንድ ሥራ ነው ልጄ። ፀሐዩ ደግሞ...»

«ፀሐዩን ለእኔ ተዉት።»

ሄድኩ። ድንጋዩ እንደ ፍም ነው፣ በጨርቅ ይዤ ተሸከምኩ። ታሂር የሚባል አንድ ቀልደኛ ከግራሩ ሥር ሆኖ፣ «ሙሽሪት፣ ጥላ እንያዝልሽ?» አለኝ።

«ለራስህ ያዝ! ዛፍ ሥር የተጋደምከው አንተ!»

ወንዶቹ በሱ ሳቁ። በሁለተኛው ቀን ግንድ ልጎትት ስታገል አንዱ ጫፍ ቀለለኝ። ዞር ስል አራጌ ነው።

«አውቶብሱስ?» አልኩት።

«አመለጠኝ» አለ።

ውይ! እዚያ ሰው ሁሉ ባይኖር ኖሮ...

ከሁሉ ያስደነቀችኝ ግን እትዬ የሻረግ ናት። አንድ ጠዋት ቅርጫቷን ይዛ መጥታ ከጎኔ አፈር መሙላት ጀመረች። ሰላምም አላለችኝ። ቆይታ ቆይታ፣ «አፈር እንዲያ ነው የሚያዝ? የጎሬ ሰው!» አለችና ቅርጫቴን ወገቤ ላይ አስተካክላ አሰረችልኝ። ከዚያ ከጉያዋ በቅጠል የተቋጠረ ቅቤ አወጣች። «ከንፈርሽን ቀቢው። እሱን እያየሁ ምሳ አልወርድ አለኝ።»

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ጎርፉ መጣ። ባለተራዎቹ ሁሉ አጠጡ፣ ትራፊው ወደኛ ተለቀቀ። ውሃው ተኛ። እኔ የናድኩት፣ አራጌ መልሶ የደፈነው አፈር ግን ገና ልል ነበርና መንሸራተት ጀመረ። አራጌ ማዶ ነው። ሮጬ ሄጄ በሽንቁሩ ውስጥ ቁጭ አልኩ! ውሃው ደረቴን ይገፋኛል።

«ዘኑ! ውጪ! ይወስድሻል!» እያለ መጣ።

«አልወጣም! አፈር ጫንበት!»

«ውጪ እልሻለሁ!»

«እስቲ አሁን ሂጂ በለኝ! በለኛ!»

እንባ ይሁን ውሃ ፊቱ ረጥቧል። አፈሩን በአካፋ ከግራና ከቀኜ እየጫነ፣ «የትም አትሄጂም! ሰማሽ? የትም!» ብሎ ጮኸ። ሜዳው ሁሉ ሰማው።

ክትሩ ያዘ። ማሽላችን እንደ ሌላው ሰው ባይሆንም አፈራ።

ከአጨዳው በኋላ ሽማግሌ መጣ። የአባት ወገን ነውና ግንባር ቀደሙ ማን መሰላችሁ? አያ ካሳ! አባቴ ሩቅ ስለሆነ የምጠየቀው ከአያ እንድሪስ ነው። ሽማግሌ እስኪፈቀድለት አይቀመጥም። አያ እንድሪስ ቀትር ላይ ደጅ አቆሟቸው። እኔና እትዬ ራህመት ከበሩ ኋላ ሆነን እንሰማለን።

«ምን ፈልጋችሁ መጣችሁ?»

«ልጅዎን ለልጃችን ለአራጌ ልንለምን» አሉ አያ ካሳ።

«የትኛዋን ልጄን?»

«ያቺን... የጎሬዋን።»

«ሀገሯ ትመለስ ያላችኋትን?»

አያ ካሳ ሳል ሳል አሉ። ላባቸው በጢማቸው ይወርዳል። «ብለን ነበር።»

«ወላሂ፣ እኔ ሌላ ሀገር አላውቅላትም። የእናት የአባት ቤቷ ይህ ነው። ከዚህ ቤት ሴት ልጅ ስትጠየቅ እንዴት እንደሚጠየቅ ታውቃላችሁ።»

እትዬ ራህመት አፏን በሻሿ አፍና በሳቅ ትንቀጠቀጣለች። እኔ ግን እንባዬ መጣ።

አያ ካሳ ከዘራቸውን መሬት አስቀመጡ። «አጥፍተናል። ስጡን።»

«ልጅቱን ሳላማክር አልሰጥም። ሳምንት ተመለሱ።»

ሳምንት! ደግሞ ሳምንት! በሩን ገፋ አደረግሁና አንገቴን አወጣሁ።

«አያ እንድሪስ! እሺ በሏቸው! ሰዎቹ ፀሐይ ላይ ደረቁ እኮ!»

በዚያ ዘመን የምትለመን ልጅ ሽማግሌ ፊት ትንፍሽ አትልም። አያ እንድሪስ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ አያ ካሳ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፣ ሳቁ...

«ይቺማ ገና ሳትገባ አዘዘችን!»

በጥር ገባሁ። ይኸው አልወጣሁም።