ግማሹ የቀረ ቢጫ መስመር

ሬሳው ከገደል ሳይወጣ ጥፋተኛው ተገኝቶ ነበር። መርማሪዋን ያንገበገባትም ይኸው ነው። ሟቹ በየተራራው ላሉ ጤና ጣቢያዎች መድኃኒት የሚያደርስ ሾፌር ነበር። ለድንጋያማው መንገድ እንዲመች ከሦስት ሳምንት በፊት አሮጌ መኪናውን ከፍ አስደርጎታል። ከትናንት ወዲያ ጠዋት ቁልቁለት ላይ የፊት ግራው የፍሬን ቱቦ ተበጠሰና መኪናው ገደል ገባ። ቱቦው አጭሩ፣ የድሮው ሆኖ ተገኘ። የፖሊስ ጣቢያው አዛዥ «መካኒኩ በቸልተኝነት ሳይቀይረው ቀርቷል» ብሎ ነገሩን በአንድ ገጽ ዘጋው። መካኒኩ ዛሬ ከሰዓት ወደ ማረሚያ ቤት ይዛወራል።

«ሳይቀይረው ሲቀር ማን አየ?» አለች መርማሪዋ፣ መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ ወርውራ።

«ቱቦው ራሱ ይናገራል» አላት አዛዡ።

«ቱቦ የሚናገር ከሆነ እኛ ደሞዝ የምንበላው በምን ሥራችን ነው?»

መልስ አልጠበቀችም። ቀጥ ብላ ወደ እስር ክፍሉ ወረደች።

መካኒኩን መንደሩ ሁሉ ጋሽ ብሎን ነው የሚለው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ብሎን ሲያጠብቅ የኖረ፣ ጣቶቹ የተቆለመሙ ሽማግሌ ነው። ስለ ሥራው ስትጠይቀው ትንሽ ነፍስ ዘራ። ሟቹ፣ ሚስቱና ታናሽ ወንድሙ ሆነው ጋራዡ መጥተው ነበር። ታናሽየው መኪናው ሃያ ሳንቲሜትር ከፍ ይበል ብሎ ድርቅ አለ፤ ለዓይን ያምራል ባይ ነው። ጋሽ ብሎን ደግሞ ከልክ በላይ የተነሳ መኪና ኩርባ ላይ ይገለበጣል ብሎ እንቢ አለ። በመጨረሻ በአሥር ተስማሙ። ያኔ ሦስቱንም መኪናው ሥር አጎንብሶ አሳያቸው። ረጅም ሞላ ማስገባት ብቻውን አይበቃም። ጎማው ጉድጓድ ላይ ተንጠልጥሎ ሲወርድ የፍሬኑን ቱቦ አብሮ ይጎትተዋል፤ ቱቦውን ካላረዘሙት ይበጠሳል። መኪናው የድሮ ስለሆነ የፍሬን ዘይቱ መስመር አንድ ብቻ ነው፤ አንድ ቦታ ካፈሰሰ ሁሉም ጎማ ፍሬን ያጣል።

«ታዲያ ቀየሩት?»

«ቀይሬዋለሁ እላለሁ» አለና ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። «ግን ያው እዚያ ተገኘ። እርጅና ነው መሰለኝ፣ ልጄ።»

መርማሪዋ ጥርሷን ነከሰች። ሰውየውን በገዛ እጁ ላይ ያለውን እምነት አሳጥተውታል። ከሥራው በኋላ የማይተወው ልማድ ካለ ጠየቀችው። ሁለት ነገር ነገራት። አጥብቆ የጨረሰውን ዳዶ ሁሉ፣ ከዳዶው እስከተያዘበት ብረት ድረስ፣ በቢጫ ቀለም ቀጭን መስመር ይሰምርበታል፤ ቢላላ በዓይን እንዲታወቅ ነው። የወጣውን አሮጌ ዕቃ ደግሞ በጆንያ አድርጎ ለባለቤቱ ይመልሳል፤ ሳይቀይር ቀየርኩ አለ ብለው እንዳያሙት ነው።

ስብርባሪው መኪና በጣቢያው ጓሮ ቆሟል። መርማሪዋ ቀሚሴ አፈር ይብላ ብላ ሥሩ ገባች። በቀኝ በኩል ቢጫው መስመር ሳይቋረጥ ከዳዶው እስከ ብረቱ ደርሷል። በግራ በኩል ብረቱ ላይ ግማሽ መስመር አለ። ዳዶው ላይ ግን ምንም የለም። አዛዡ እዚህ አንድ ጊዜ ጎንበስ ብሎ ቢሆን ኖሮ ሽማግሌው ሁለት ሌሊት ሲሚንቶ ላይ አያድርም ነበር። ይህን ስታስብ ደሟ ፈላ።

ወደ ሟቹ ቤት ሄደች። ሚስትየው ልቅሶ ድምፅዋን ዘግቶታል። በአደጋው ዕለት ጠዋት ማድ ቤት ውስጥ ስንቅ እየቋጠረች ነበር። ባሏ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ «ረገጥኩ፤ ያዝኩ» ሲል ሰምታለች። ከሥር የሚሠራውን ሰው ግን አላየችም፤ መካኒኩ ነው ብላ ገመተች፤ ለአዛዡም እንደዚያው ተናገረች። ሽማግሌውን ይበልጥ ያስቀፈደደው ይህ ቃል ነበር። መርማሪዋ ጆንያውን አስመጥታ ስትዘረግፈው የድሮው የቀኝ ቱቦ ወጣ። የግራው ግን የለም።

ቀጥላ ያነጋገረችው የመድኃኒት መጋዘኑ ኃላፊ ጊዜው ባለፈበት መድኃኒት የተነሳ ከሟቹ ጋር ተጣልቶ እንደነበር አልካደም። ይሁን እንጂ ጠዋቱን ሙሉ ከሁለት ጸሐፊዎች ጋር ካርቶን ሲቆጥር ነበር፤ ጸሐፊዎቹም ለየብቻ ተጠይቀው አንድ ዓይነት ቃል ሰጡ።

ታናሽ ወንድምየው ግቢው ውስጥ ባለች አንድ ክፍል ይኖራል። እሱም ሾፌር ነበር። ጠጥቶ ስለነዳ ታላቁ ከመሪ ላይ ካነሳው ወር ሊሞላው ነው።

«በዚያ ጠዋት የት ነበርክ?»

«ተኝቼ። የነቃሁት መኪናው ከወጣ በኋላ ነው። ያን ሽማግሌ ግን እንዳትለቁት» አላት፣ በሩን ተደግፎ።

በሩ ባለፈው ሳምንት አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። እጀታው አካባቢ ግን ቀለሙ አራት ቦታ ተኮማትሮ አብጧል። መርማሪዋ በጥፍሯ ብትነካው ተላጦ መጣ። ጣቷን ጠርጋ ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ጓሮው ውስጥ ስብርባሪው አጠገብ ሰበሰበቻቸው። አዛዡ ሰዓቱን እያየ ቆመ። ጋሽ ብሎን እጁ በካቴና ታስሯል።

«ይህ አጭር ቱቦ ከመጀመሪያው እዚህ ቢኖር» ብላ ጀመረች፣ «በዚያ ድንጋይ ላይ ሦስት ሳምንት ይቅርና ሦስት ቀን አይቆይም ነበር። ብረቱ ላይ የቀረውን ግማሽ መስመር እዩት። ጋሽ ብሎን ረጅሙን አስረው፣ አጥብቀው፣ አስምረውበታል። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ከነዳዶው ፈትቶ አጭሩን በራሱ ዳዶ መለሰ። ጋሽ ብሎን መግደል ቢፈልጉ መጀመሪያውኑ አለመቀየር ይበቃቸው ነበር። መፍታት ያስፈለገው መኪናው ከጋራዥ ከወጣ በኋላ እጁ የገባለት ሰው ነው።»

«አጭሩ ቱቦ የነበረው ጆንያው ውስጥ፣ ጆንያው ደግሞ የሟቹ ቤት» አለች፣ ወደ ቤተሰቡ ዞራ። «ቱቦው ካጠረ እንደሚበጠስ ሲነገር የሰሙት ሦስት ናቸው። አንዱ ሞቷል። እርስዎ፣ እመቤቴ፣ ከሥር ሰው እንደነበረ ራስዎ ባይነግሩኝ ማንም አያውቅም ነበር። ገዳይ ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር ይደብቃል።»

ታናሽየው «ተኝቼ ነበር ብያለሁ» አለ።

«ጋሽ ብሎን፣ ቱቦ ሲፈታ ፍሬኑ ምን ይሆናል?»

«አየር ይገባዋላ። ሲረገጥ ላላ ይላል፣ ሾፌሩ ወዲያው ያውቃል። አየሩን ለማውጣት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ከሥር ይከፍታል፣ አንዱ ይረግጣል።»

«የፍሬን ዘይት ቀለም ሲነካስ?»

«ይልጠዋል። እንዳለ ነው የሚያነሳው።»

መርማሪዋ ወደ ታናሽየው ጠጋ አለች። «በርህ ላይ የአራት ጣት ምልክት አለ። ሠርተህ ስታበቃ እጅህን ሳትታጠብ ክፍልህ ገባህ። ፍሬኑ አየር ይዟል፣ ላስተካክልልህ አልከው። እሱም ታረቅኸኝ ብሎ ደስ አለው። ሞቱን ስታስር ፔዳሉን የረገጠልህ እሱ ራሱ ነው።»

ታናሽየው ለመካድ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ሌላ ነገር ነው።

«ቁልፉን ሰው ፊት ከእጄ ነጠቀኝ። ሰካራም አለኝ። ከዚያ ወዲህ ያየኝ ሁሉ ሲስቅብኝ ነበር።»

ሚስትየው ቀስ ብላ መጥታ ፊቱ ቆመች። «ሲረግጥልህ ምን አለህ?»

ዓይኑን ወደ ስብርባሪው አሸሸ።

«ንገረኝ። የመጨረሻ ቃሉ ነው፤ የእኔ ነው።»

«ዘይቱ እጅህን ያቃጥልሃል፣ ጓንት አድርግ አለኝ።»

ሴትዮዋ እጇን ለጥፊ አንስታ ነበር፤ አልመታችውም። ዞር ብላ የስብርባሪውን በር ይዛ አለቀሰች።

«ሁለት ቀን ሙሉ» አለ ጋሽ ብሎን፣ «እኔ ነኝ የገደልኩት ብዬ አምኜ ነበር። ዛሬ ጠዋት ልፈርምላችሁ ነበር እኮ።»

አዛዡ መዝገቡ ይታረማል፣ ሥርዓቱን ጠብቆ ይፈታል ብሎ ማጉተምተም ጀመረ። መርማሪዋ ንግግሩን አላስጨረሰችውም። የካቴናውን ቁልፍ ከቀበቶው ላይ መንጭቃ ሽማግሌውን በገዛ እጇ ፈታች፤ ካቴናውን ለአዛዡ አቀበለችው።

«በሉ፣ አሁን ደግሞ ይቅርታ ይጠይቋቸው» አለችው። «ሁላችንም እየሰማን።»