እናቷ የሞላችው ቅጽ

«የድጋፍ ደብዳቤሽን ጨርሻለሁ!» አሉ አማካሪው ሚስተር ሊንድግሬን ከቢሯቸው አንገታቸውን አውጥተው። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለኮሌጁ እልከዋለሁ። ከአንድ ሺህ ስድስት መቶ አንድ ሺህ አራት መቶ አስር! እንዲህ ዓይነት የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ነጥብ ይዘሽ ነው ዝም ያልሽው?»

ታቢታ ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ የጥርስ ሐኪም አፏን አስከፍቷት የሄደ ነው የምትመስለው። አማካሪው በሩን ገርበብ አድርገው ገቡ።

እውነተኛው ነጥቧ አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ነበር። ይህን የምታውቀው አጠገቧ የቆመችው ጓደኛዋ ብሪዮኒ ብቻ ናት።

«እሳቸውን ደግሞ መቼ ዋሸሻቸው?» አለች ብሪዮኒ።

«እኔ አልዋሸኋቸውም። እማ ናት፣ ቅጹ ላይ ጽፋዋለች።»

የመኩራሪያ ቅጽ ይሉታል ተማሪዎቹ። ወላጆች ስለ ልጃቸው ጉራቸውን የሚነዙበት ነው፤ አማካሪው ሦስት መቶ ልጅ ስላለባቸው ደብዳቤውን የሚጽፉት ከዚያ እየቀዱ ነው። የብሪዮኒ አባት «ጥሩ ልጅ ናት፤ ሳህን ታጥባለች» ብሎ መልሶታል። የታቢታ እናት ግን የምትነዳውን የተማሪዎች አውቶብስ አቁማ፣ ቅጹን መሪው ላይ ዘርግታ፣ ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፈች።

ጥፋቱ የኬኩ ነው። ነሐሴ ላይ ውጤቱ የወጣ ቀን እናቷ ቀድማ ኬክ ገዝታ ገባች። «ስንት አመጣሽ?» ስትላት ታቢታ ኬኩን አየች፤ ላዩ ላይ «ጎበዝ!» ይላል። አፏ ራሱ ቁጥር ፈጥሮ ተናገረ።

ኮሌጁ ነጥብ ካልላካችሁ ብሎ አያስገድድም። ስለዚህ ማመልከቻው ላይ ቦታውን ባዶ ትታ፣ ነገሩ እዚያው ይቀበራል ብላ ነበር። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የሷ ግን እያደር ኪሎ ጨመረ። እሷ እንደመረጠችው ከሌላው ቀድሞ ማመልከት ደግሞ ቀልድ አያውቅም፤ አንድ ኮሌጅ ብቻ ተመርጦ፣ ከተቀበለኝ እዚያው እገባለሁ ተብሎ፣ ተማሪም እናትም አማካሪም ይፈርሙበታል።

«ዝም በያ!» አለች ብሪዮኒ። «ማን ያጣራል?»

«ቢያጣሩስ?»

«ያባርሩሻላ። ቆይ፣ ገና ስላልገባሽ ማባረር አይችሉም!»

«አቦ ብሪ፣ ባታጽናኚኝ ይሻላል።»

«እሺ፣ ብትነግሪያቸው እናትሽም ትሰማለች። ዱሉዝ ከተማ ውስጥ እኮ ያልነገረችው ሰው የለም። የኛ ውሻ እንኳ ነጥብሽን ያውቃል።»

ለዘጠኝ ስምንት ደቂቃ ጉዳይ። በመስኮቱ አውቶብሶቹ ተሰልፈው ይታያሉ። ቁጥር ዐሥራ አራት ውስጥ እናቷ የኮሌጁን ኮፍያ አድርጋለች። ልጇን ገና ያልተቀበለውን ኮሌጅ ኮፍያ። ታቢታን ስታያት ክላክሱን ሁለቴ ነካችው።

ታቢታ ሄዳ የአማካሪውን በር አንኳኳች።

«ሚስተር ሊንድግሬን፣ እባክዎ አይላኩት። ቁጥሩ የኔ አይደለም። እማን ዋሽቻት ነው።»

አማካሪው መነጽራቸውን ጠርገው አደረጉና ደብዳቤውን ኮምፒውተራቸው ላይ ከፈቱ። ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ከዚያ አንድ መስመር ሲያጠፉ አየች፤ ቀጥሎ ሌላ፤ ቀጥሎ አንቀጹን በሙሉ።

«ደብዳቤው ሳሳ» አሉ በመጨረሻ። «ቀነ ገደቡ ዓርብ ነው። ነገ ጠዋት ስለ ራስሽ እውነት የሆነ ነገር ይዘሽልኝ ነይ። እናትሽ ታውቃለች?»

ታቢታ አታውቅም ለማለት ራሷን ወዘወዘች።

አውቶብሱ ውስጥ ብሪዮኒ እንደ ወትሮው ከኋላ ቦታ ይዛላት ነበር። ታቢታ ወደዚያ አላለፈችም። ማንም የማይፈልገው፣ ከሾፌሯ ጀርባ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ምነው እዚህ?» አለች እናቷ በመስታወቱ እያየቻት። «ደብዳቤው ተላከ?»

«አልተላከም። እማ፣ የመጨረሻው ልጅ ሲወርድ ሞተሩን አጥፊው። የምነግርሽ አለ።»

በሩ ተዘጋ። ታቢታ ስንት ፌርማታ እንደቀራት መቁጠር ጀመረች። ዐሥራ አንድ።