«ተናፍሷል»

እሳት ለኳሹ ሲሚንቶው ከሚጋገርበት ምድጃ አፍ ፊት ለፊት ሞቶ ተንጋሎ ተገኘ። ችቦው ከእጁ አልወጣም። ምድጃው ነበልባሉን መልሶ ተፍቶበታል።

ከላይ ያለው የመቆጣጠሪያ ክፍል ሠራተኛ ወርዳ በገዛ ካፖርቷ ሸፍናው ተመልሳለች። ደግ ሴት፣ አሉ።

መርማሪው ገና ከመኪናው ሳይወርድ ጣት ሁሉ ተቀሰረ። «ቀላቃዩ ነው! ውሃ አብዝቶበት!»

ቀላቃዩ ከባዱን ጥቁር ነዳጅ ከጥቂት ውሃ ጋር ያዋህዳል፤ እንዲያ ሲሆን ነዳጁ ደቆ፣ ጭሱ ቀንሶ ይነድዳል። የሟች እህት ባል ነው። አለቀለት! ካቴና ገባለት።

«ከአማችህ ጋር አትነጋገሩም አሉ» አለው መርማሪው።

«ተኳርፈናል። እና? ለሚስቴ ምን ልላት ነው የምገድለው? ይልቅ ጠርሙሴን እይልኝ!»

ጠዋት ጠዋት ከድብልቁ ጠርሙስ ሞልቶ መስኮት ላይ ያቆማል። ካልተዋሃደ ውሃው ከታች ይተኛል። የዛሬው ከላይ እስከ ታች አንድ ቀለም ነው።

መርማሪው ከምድጃው ሥር ካለው የነዳጅ ቧንቧ ቀዳ። ግማሹ ውሃ!

«ይሄስ ከየት መጣ?»

«ጠዋት ስቀዳ ደህና ነበር። ውሃውን ከፍና ዝቅ የሚያደርጉት ከላይ፣ ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ ነው። ግን ስማኝ ጌታዬ፣ ውሃ እሳት ያጠፋል እንጂ ሰው አይገድልም። እሳቱ ሲጠፋ ምድጃው ውስጥ የነዳጅ ተን ይታጎራል። ማራገቢያው ጠርጎ ሳያወጣው ችቦ አይጠጋም። አማቼ ደግሞ ‹ተናፍሷል› ሳይባል ችቦ አያነሳም።»

«ማነው የሚለው?»

ቀላቃዩ ቀና ብሎ የላይኛውን መስታወት አየ።

«ፍቱት» አለ መርማሪው፣ ወደ ደረጃው እየሮጠ።

ማራገቢያው እንደጠፋ ነው። ውሃው እስከ ጥግ ተከፍቷል። ሴትዮዋ ልትደብቅ እንኳ አልሞከረችም።

«‹ተናፍሷል› ያልሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ምን አደረገሽ?»

«ባሌ ረዳቱ ነበር። ይሄ ሰውዬ ‹ተናፍሷል?› ብሎ ሳይጠይቅ ለኮሰ። እሱ ተረፈ፣ ባሌ ነደደ። ከዚያ ‹ሟቹ ነው የቸኮለው› ብሎ መሰከረ፤ እናንተም አመናችሁት። ሁለት ዓመት ሙሉ ‹እንደምን አደርክ› አልኩት።»

«ዛሬስ ጠይቆሽ ነበር?»

«ሁለቴ። ‹እርግጠኛ ነሽ፣ እህቴ?› አለኝ። ከባሌ ሞት ወዲህ ሁለቴ ሳይጠይቅ ለኩሶ አያውቅም።»

«ተምሮ ነበር ማለት ነው።»

«በማን ሕይወት ተማረ?» አለችና ሁለት እጇን ለካቴናው ዘረጋችለት።