ናሁሰናይ ያልሰጠው ቁጥር

ሰኞ ጠዋት ኢንስፔክተር ያምሮት ፍኖተ ሰላም ገበያ ጀርባ ወዳለው የሕግ ምክር ቢሮ ስትደርስ፣ የቢሮው ጠበቃ ናሁሰናይ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ በኮምፒውተር ገመድ ታንቆ ሞቷል። የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች ተሰብረዋል። ያምሮት ብዙ ሬሳ አይታለች፤ ጣት እየሰበረ የሚጠይቅ ሰው ግን አንጀቷን ያሳርራታል።

«አውሬ!» አለችና በሩን ዘግታ ዘበኛ አቆመችበት። ከእሷ በቀር ማንም አልገባም። የቢሮው አከራይ አቶ ክንፈሚካኤል እንኳ ሬሳውን በመስኮት አይተው ነው የጮኹት።

ከኮምፒውተሩ ጎን መታወቂያ የምታህል ካርድ ማንበቢያዋ ውስጥ ተሰክታለች። ስክሪኑ ላይ ትናንት ማታ የተላከ ኢሜይል አለ፤ ርዕሱ «ማንኩሳ» ይላል፣ ውስጡ ትርጉም የሌለው የፊደልና የቁጥር ዝርግፍ ነው። ከሥሩ «ካርዱ ተዘግቷል» የሚል ማስታወቂያ ወጥቷል።

የናሁሰናይን የሥራ ባልደረባ ውዳሴን ጓሮ ወስዳ ጠየቀቻት።

«ደብዳቤው ለእኔ የተጻፈ ነው» አለች ውዳሴ ዓይኗ አብጦ። «የሚከፍቱት የእሱና የእኔ ካርዶች ብቻ ናቸው። ትናንት ቤቴ ሆኜ አንብቤዋለሁ።»

«የሱ ካርድ ለምን ተዘጋ?»

«የምስጢር ቁጥሩ ሦስት ጊዜ ከተሳሳተ ራሱን ይዘጋል። ጋሽ ናሁ ቁጥሩ ጠፍቶት አይደለም፣ ኢንስፔክተር። ጣቱን ሲሰብሩት ሆን ብሎ የተሳሳተውን እየሰጠ አዘጋው።» እንባዋ ቀደማት። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እያልኩ እቀልድበት ነበር።»

«ምን ደብቆ ነው እንዲህ የሞተው?»

«ቡሬ አጠገብ መሬቴን አልለቅም ያለ ገበሬ ቤቱ ከነልጆቹ ተቃጥሎበታል። ቤንዚን ያመጣውን ያየ አንድ ምስክር አለ። ትናንት ከሰዓት ነው እናገራለሁ ያለው፤ ጋሽ ናሁ ዛሬ ቡሬ ሄዶ ሊያመጣው ነበር። ስሙን ግን ቢገድሉኝም አልነግርዎትም።»

«ታዲያ ርዕሱ ስለ ምን ማንኩሳ ይላል?»

«አመሉ ነዋ! ባለፈው ወር ስለ ማንኩሳ ከተማ አንድ ጉዳይ በጻፍኩለት ኢሜይል ላይ «መልስ» የሚለውን እየተጫነ ነው የሚጽፍልኝ፤ ርዕሱን አይቀይርም። ርዕስ አይመሰጠርም፣ ማንም ያየዋል ብዬ ስንት ጊዜ ተጨቃጭቀናል።»

ሁለተኛው ባልደረባ ላቀው ከደጅ ቆሞ ያለቅሳል። የካርዱ ሥልጠና በተሰጠ ጊዜ ስላልነበረ ካርድ የለውም።

«ከዓርብ ጀምሮ አዴት፣ የአጎቴ ተዝካር ላይ ነበርኩ» አለ። «ከዚያ ወዲህ አልተገናኘንም፣ አልተደዋወልንም።» አፍንጫውን ጠረገ። «ምስኪን! ዛሬ ማንኩሳ በሄደ ነበር።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ያምሮት ምንም እንዳልሰማች ራሷን ነቀነቀች።

አቶ ክንፈሚካኤል ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው፣ ሞባይላቸውን በእጃቸው ይዘው «እግዜር ያጽናችሁ፣ ልጆቼ» ይላሉ። ኢሜይል ምን እንደሆነ አላውቅም አሉ። ቡሬ ላይ ሰፊ እርሻ ይኑራቸው አይኑራቸው የጠየቃቸው የለም፤ ያምሮትም አልጠየቀችም።

ሬሳው ከተነሣ በኋላ ሦስቱንም ቢሮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ነገር ፈትቶ በሰው ፊት መዘርጋት ትወዳለች፤ ይህቺ ደካማ ጎኗ ነች።

«ገዳዩ ደብዳቤውን ለማንበብ ነው የመጣው» አለች። «ካርዱ በሦስት ስህተት እንደሚዘጋ ግን አያውቅም። ውዳሴ ታውቃለች፤ ደግሞም በራሷ ካርድ አንብባዋለች፣ የማንንም ጣት መስበር አያስፈልጋትም። ላቀው፣ አንተ አልሠለጠንክም። ናሁሰናይ ማንኩሳ የመሄድ ሐሳብ አልነበረውም፤ ማንኩሳ የሚለው ይህ ስክሪን ላይ ያለው ርዕስ ብቻ ነው። ያንን አይቶ ውስጡን ያላነበበ ሰው፣ ትናንት ማታ እዚህ ወንበር አጠገብ የቆመው ነው።»

ላቀው አንድ አፍታ አቶ ክንፈሚካኤልን አየ።

«ሐሰት ነው!» ብሎ ጮኸ። «ውስጡም ማንኩሳ ነው የሚለው፤ እሷ ነግራኛለች። ትክፈተውና እንየው!»

ውዳሴ ካርዷን በመዳፏ ጨበጠች። «በሰው ፊት? የምስክሩ ስም አለበት እኮ።»

«አይዞሽ» አለች ያምሮት። «እኔ አለሁ። ፖሊስ ባለበት ማን ምን ያደርጋል?»

ውዳሴ የተዘጋውን ካርድ አውጥታ የራሷን ሰካችና ቁጥሯን አስገባች። ዝርግፉ ወደ አማርኛ ተለወጠ።

«ነገ ቡሬ ሄጄ አቶ ንብረትን አመጣቸዋለሁ። ቤታቸው ከወፍጮው ጀርባ ነው።»

«ቡሬ!» አለች ያምሮት ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳርፋ። ላቀው አልተከራከረም፤ እጁን ለካቴና ራሱ ዘረጋ። ደስታዋን ገና ሳትጨርሰው የአቶ ክንፈሚካኤል ወንበር ባዶ መሆኑን አየች። ሮጣ ስትወጣ ሽማግሌው አጥሩ ሥር ስልካቸውን ኪሳቸው ይከታሉ።

«ለዘመድ መርዶ እያረዳሁ ነበር» አሉ በትሕትና።

ያምሮት ቡሬ ፖሊስ ጣቢያ ደወለች፣ ለመነች፣ ጮኸች። ፖሊሶቹ ሲደርሱ አቶ ንብረት ወፍጮው ጀርባ ቦይ ውስጥ በግንባራቸው ተደፍተዋል። ሚስታቸው ከጎናቸው ተቀምጣ ፀጉሯን ትነጫለች።

ያምሮት ወደ እስር ክፍሉ ሄደች። ላቀው ከዜናው ቀድሞ ፊቷን አነበበ።

«ናሁ ሁለት ጣቱ ተሰብሮ አልሰጠንም» አላት። «እርስዎ ግን ማንም ሳይነካዎት ሰጡን።»

ሰጡን ያለው ማንና ማንን እንደሆነ አልጠየቀችውም፤ ገብቷታል። ከበሩ ማዶ ውዳሴ ካርዷን በሁለት እጇ አጥፋ ለመስበር ትታገላለች፤ ያምሮትም ተዪው ማለት አቃታት።